ከአፕ ውስጥ ቴክስት መላክ፦ በሰሜን ሸዋ የወተት መሰብሰቢያ ምሳሌ የተሠራ ዝርዝር መመሪያ

ከአንድሮይድ አፕ ውስጥ አጭር መልእክት የሚልከው ፈንክሽን በአንድ መስመር ይጠራል። ቁጥር ትሰጡታላችሁ፣ ጽሑፍ ትሰጡታላችሁ፣ ይልካል። ብዙ ጀማሪ እዚህ ሲደርስ አፑ ያለቀ ይመስለዋል። ሳምንት ሳይቆይ ግን "እኔ ዘንድ አልደረሰም" የሚል ሰው ይመጣል። አፑ ደግሞ "ተልኳል" ይላል። ይህን ክርክር የሚፈቱት እዚያው ፈንክሽን ውስጥ ያሉ፣ ብዙ ሰው ባዶ የሚተዋቸው ሁለት ቦታዎች ናቸው። ሌላውን ቶሎ ቶሎ እያለፍን እነሱ ላይ ረጋ ብለን እንቆያለን።

ምሳሌ እንያዝ። ደብረ ብርሃን አካባቢ ያለ አንድ የወተት ማኅበር እንበል። አባላቱ ጠዋት የወተት ዕቃቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። ሰብሳቢው ይለካል፣ መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ወር ሲያልቅ "እኔ ያስገባሁት ከዚህ ይበልጣል" የሚል አይጠፋም። ስለዚህ ሰብሳቢው ሊትሩን ስልኩ ላይ ሲያስገባ፣ ለአባሉ ወዲያው ቴክስት እንዲሄድለት እንፈልጋለን።

ቴሌግራም ለምን አይሆንም? ብዙው አባል የያዘው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ስማርት ስልክ ያለውም ዳታውን ሁልጊዜ አይከፍትም። ከጣርማ በር ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና፣ ወይም ወደ ጀማ ሸለቆ የወረደ ሰው ደግሞ ያውቀዋል፤ ኢንተርኔቱ እምቢ ባለበት ቦታ ቴክስት ብዙ ጊዜ ያልፋል።

የሚያስፈልጋችሁ አንድሮይድ ስቱዲዮ (አፕ የሚሠራበት ፕሮግራም) ያለበት ኮምፒውተር፣ መጠነኛ የኮትሊን (ኮዱ የሚጻፍበት ቋንቋ) እውቀት፣ ሲም ያለው ስልክና ትንሽ ባላንስ ነው። የፈንክሽኖቹን ስም እዚህ በእኛ ፊደል ጽፌዋለሁ። ኮድ ላይ በላቲን ነው የሚገቡት። የመጀመሪያዎቹን ፊደላት ስትጽፉ አንድሮይድ ስቱዲዮ ቀሪውን ይጠቁማችኋል።

1. መንገዱን መምረጥ

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የስልኩን የመልእክት አፕ መክፈት ነው። "አክሽን ሴንድ ቱ" የሚባለውን ኢንቴንት (ሌላ አፕ ሥራ እንዲሠራ የሚላክ ጥያቄ) ትጠራላችሁ፣ አድራሻው ላይ "ኤስኤምኤስ ቱ" ከሚለው ቀጥሎ ቁጥሩን ትሰጣላችሁ፣ ጽሑፉን ታያይዛላችሁ። የመልእክት አፑ ተሞልቶ ይከፈታል፣ ተጠቃሚው ራሱ "ላክ" ይጫናል። ምንም ፈቃድ አይጠይቅም። በቀን ሁለት ሦስት መልእክት ብቻ የሚልክ አፕ ከሆነ እዚሁ ላይ ቁሙ፤ ቀሪው ልፋት አያስፈልጋችሁም። አይፎን ላይ ደግሞ ያለው ይህ መንገድ ብቻ ነው። አፕል አፕ በራሱ ፈቃድ ቴክስት እንዲልክ አይፈቅድም።

ሁለተኛው አፑ ራሱ በቀጥታ የሚልክበት ነው። ለወተት ማኅበራችን የሚሆነው ይሄ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በታኅሣሥ ጠዋት ጣት ደንዝዞ፣ ሰው ተሰልፎ፣ ለእያንዳንዱ አባል "ላክ" እየተጫኑ መቆም አይታሰብም።

ኮድ መጻፍ የማይፈልግ ሰው ብሎክ በመገጣጠም አፕ የሚሠራበትን አፕ ኢንቬንተርን ይሞክር። እዚያ "ቴክስቲንግ" የሚባል ክፍል አለ። "ሴንድ ሜሴጅ" የሚለው ብሎክ የመልእክት አፑን ይከፍታል፣ "ሴንድ ሜሴጅ ዳይሬክት" የሚለው በቀጥታ ይልካል። ከዚህ በታች ስለ ፊደል ብዛትና ስለ ቁጥር የምለው ለእሱም ይሠራል።

2. ፈቃድ

ማኒፌስቱ (አፑ ምን እንደያዘና ምን ፈቃድ እንደሚፈልግ የሚገልጸው ፋይል) ላይ "ሴንድ ኤስኤምኤስ" የሚለውን ፐርሚሽን ጻፉ። ይህ ብቻውን አይበቃም። ከአንድሮይድ 6 ወዲህ አፑ ሲሠራም ተጠቃሚውን መጠየቅ አለባችሁ። አፑ እንደተከፈተ አትጠይቁ። ሰብሳቢው የመጀመሪያውን ሊትር ሲመዘግብ፣ "ለአባሉ ደረሰኝ ለመላክ ነው" ብላችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዱና ጠይቁ። ከአንድሮይድ 11 ጀምሮ ሁለት ጊዜ "አትፍቀድ" ካለ ጥያቄው ዳግም አይመጣም፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሴቲንግ መግባት ግድ ነው።

"ሪሲቭ ኤስኤምኤስ"ን እና "ሪድ ኤስኤምኤስ"ን አብራችሁ አትጠይቁ። ለመላክ አያስፈልጉም፣ ሰውንም ያስደነግጣሉ።

3. ቁጥሩን ማጽዳት

የአባላት ዝርዝር ብዙ ጊዜ ከኤክሴል ነው የሚመጣው። ኤክሴል ደግሞ መጀመሪያ ላይ ያለውን ዜሮ ይበላዋል። ሌላው ክፍተት ወይም ሰረዝ አለበት። ስለዚህ ከቁጥር ውጭ ያለውን ሁሉ አስወግዱና እንዲህ ለዩት። 10 አሃዝ ሆኖ በ09 ወይም በ07 ከጀመረ ዜሮውን አንሥታችሁ +251 አስቀድሙ። 9 አሃዝ ሆኖ በ9 ወይም በ7 ከጀመረ +251 ብቻ ጨምሩ። 12 አሃዝ ሆኖ በ251 ከጀመረ የመደመር ምልክቱን አድርጉለት። ከዚህ ውጭ የሆነውን አትላኩ፤ "ቁጥሩን አስተካክል" ብላችሁ ለሰብሳቢው አሳዩት።

ስልክ ቁጥርን የአባል መለያ አታድርጉት። በአንድ ቤት እናትና ልጅ ሁለቱም አባል ሆነው ስልኩ አንድ ሊሆን ይችላል። መለያው የአባልነት ቁጥር ይሁን።

4. ጽሑፉ፦ 70 ምልክት

አንድ ቴክስት የሚሸከመው 140 ባይት ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 7 ቢት ስለሚወስድ 160 ይገባል። የእኛ ፊደል ግን 16 ቢት ይወስዳል። ስለዚህ 70 ብቻ። ክፍተትም፣ አራት ነጥብም ይቆጠራል። በላቲን በተጻፈ መልእክት ውስጥ አንዲት "ሀ" ከገባች ደግሞ ሙሉው መልእክት ወደ 70 ይወርዳል።

ከ70 ሲያልፍ መልእክቱ ይከፋፈላል። ክፍሎቹን መልሶ ለማገጣጠም የሚያስፈልግ መረጃ ከእያንዳንዱ ላይ ቦታ ስለሚወስድ፣ በየክፍሉ የሚገባው 67 ይሆናል። ሒሳቡም በክፍል ነው የሚቆረጠው።

ይህን ተመልከቱ፦

"የዛሬ ጠዋት ወተት 8.5 ሊትር ተመዝግቧል። የወሩ ድምር 142 ሊትር። ስህተት ካለ እስከ ማታ ይንገሩን።"

66 ምልክት ነው። በአንድ ቴክስት ያልፋል። ሊትሩ 12.5፣ ድምሩ 1042 ቢሆን እንኳ 68 ነው። ከፊቱ "ጤና ይስጥልኝ።" ብትሉና ክፍተት ብትጨምሩ 76 ይሆናል፣ ሁለት ቴክስት ትከፍላላችሁ። ሰላምታ መተው ይከብዳል፣ ይገባኛል። ግን በየቀኑ፣ ለእያንዳንዱ አባል ዋጋው እጥፍ ሲሆን የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ አይስማማችሁም። ሰላምታውን ለበዓል አቆዩት።

አንዳንዱ ገንዘብ ለመቆጠብ አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፋል። ለወጣት ይሆናል። ለአባላቱ ግን አይሆንም፤ ፊደል የቆጠሩት አዛውንት በግዕዝ ፊደል እንጂ በላቲን አያነቡም። በቤቱ ያለ ልጅ ቢያነብላቸውም እየተንተባተበ ነው።

"ይንገሩን" ያልኩትም በምክንያት ነው። "ንገረን" ወይም "ንገሪን" ካላችሁ ለወንድና ለሴት ሁለት ጽሑፍ ያስፈልጋል፣ ለትልቅ ሰውም ነውር ነው። በአክብሮት መጻፍ ሁለቱንም ችግር በአንድ ጊዜ ይፈታል።

"የወሩ ድምር" ስንል ደግሞ ወሩ የእኛው ወር ነው። አንድሮይድ ከስሪት 7 ጀምሮ "ኢትዮፒክ ካላንደር" የሚባል ክላስ አብሮት ይመጣል፤ ቀን መቀየሪያ ራሳችሁ አትጻፉ። ወር መቁጠር የሚጀምረው ከዜሮ ነው፣ መስከረም 0 ነው። የጳጉሜን ወተት ከነሐሴ ጋር ይደመር ወይስ ለብቻው ይታሰብ? ይህን ማኅበሩን ጠይቁ። በራሳችሁ ከወሰናችሁ አዲስ ዓመት ዋዜማ ላይ ነው ጭቅጭቁ የሚመጣው።

ርዝመቱን በእጅ አትቁጠሩ። "ኤስኤምኤስ ሜሴጅ" የሚባለው ክላስ ውስጥ "ካልኩሌት ሌንግዝ" አለ። ጽሑፉን ስትሰጡት ስንት ክፍል እንደሚሆን፣ ስንት ምልክት እንደያዘና ስንት እንደቀረ ይመልስላችኋል። ክፍሉ ከ1 ከበለጠ ሰብሳቢው ከመላኩ በፊት ይወቅ።

5. ፈንክሽኑን መጥራት

መጀመሪያ ኤስኤምኤስ ማናጀርን (ቴክስት የሚልከውን የአንድሮይድ ክላስ) ያዙ። የድሮ ትምህርቶች "ጌት ዲፎልት" በሉ ይላሉ፤ ከአንድሮይድ 12 ወዲህ ያ ጊዜው አልፎበታል። በ12 እና ከዚያ በላይ "ጌት ሲስተም ሰርቪስ" ብላችሁ ውሰዱት፤ ከ12 በታች ባለ ስልክ የድሮው ነው የሚሠራው። ከዚያ "ሴንድ ቴክስት ሜሴጅ"ን ትጠራላችሁ። አምስት ነገር ይቀበላል፦

• የተቀባዩ ቁጥር፤
• የመልእክት ማዕከሉ ቁጥር፤ ይህን ነል (ባዶ) አድርጉት፣ ሲሙ ያውቀዋል፤
• ጽሑፉ፤
• ስልኩ መላክ አለመላኩን የሚነግር ፔንዲንግ ኢንቴንት (አስቀድማችሁ አዘጋጅታችሁ የምትሰጡት፣ ውጤቱ ሲታወቅ ወደ አፑ የሚመለስ ኢንቴንት)፤
• መልእክቱ ሲደርስ የሚነግር ፔንዲንግ ኢንቴንት።

ከአንድ ክፍል የሚበልጥ ከሆነ "ዲቫይድ ሜሴጅ" ይቆራርጠዋል፣ "ሴንድ መልቲፓርት ቴክስት ሜሴጅ" ይልከዋል። እዚያ አራተኛውና አምስተኛው ዝርዝር ይሆናሉ፣ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ አንድ።

አራተኛውና አምስተኛው ላይ ነል ብትሉም ኮዱ ይሠራል። ለዚህ ነው ሰው የሚተዋቸው።

6. "ተልኳል" ማለት ምን ማለት ነው

መሐል ሜዳ ላለ ዘመድ ዕቃ በአውቶቡስ ረዳት ስትልኩ፣ ረዳቱ ተቀበለ ማለት ዘመድ እጅ ገባ ማለት አይደለም። አራተኛው ቦታ ረዳቱ መቀበሉን ነው የሚነግራችሁ፣ አምስተኛው ዘመድ መረከቡን። ስለዚህ ዳታቤዙ ላይ ለእያንዳንዱ መልእክት "ሁኔታ" የሚል ዓምድ ይኑር፦ ወረፋ ላይ፣ ወጥቷል፣ ደርሷል፣ አልወጣም።

ፔንዲንግ ኢንቴንት ስትሠሩ አንድ ወጥመድ አለ። አንድሮይድ ሁለት ፔንዲንግ ኢንቴንቶችን ሲያወዳድር ውስጣቸው ያያያዛችሁትን ተጨማሪ መረጃ አያይም። ለሁሉም አባል የመጠየቂያ ኮዱን (ሪክዌስት ኮድ፣ ፔንዲንግ ኢንቴንቱ ሲሠራ የሚሰጠው ቁጥር) 0 ካደረጋችሁ ሁሉም አንድ ነው ብሎ ይወስዳል። ውጤቱ? የሁሉም መልስ በአንድ አባል ስም ይመዘገባል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የመልእክቱን የዳታቤዝ መለያ ቁጥር የመጠየቂያ ኮድ አድርጉት። መልእክቱ ክፍል ካለው የክፍሉንም ቁጥር አስገቡበት። ለ"ወጥቷል" እና ለ"ደርሷል" የተለያየ አክሽን ስጡ።

መልሱን የሚቀበለውን ብሮድካስት ሪሲቨር ማኒፌስቱ ላይ አስመዝግቡት፣ ኢንቴንቱንም በቀጥታ ወደዚያ ክላስ አነጣጥሩት። ስክሪኑ ሲከፈት ብቻ የሚመዘገብ ሪሲቨር ሰብሳቢው አፑን ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል። የመድረሻው መልስ ደግሞ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ የአባሉ ስልክ ባትሪ ጨርሶ ማታ መብራት ሲመጣ ቢከፈት ያኔ ነው የሚመጣው።

ሪሲቨሩ ውስጥ የውጤት ኮዱን አንብቡ። ደህና ሲሆን ኮዱ -1 ነው። አሉታዊ ቁጥር ስለሆነ ስህተት እንዳይመስላችሁ። 1 አጠቃላይ ውድቀት ነው፤ ባላንስ ሲያልቅም ይኸው ሊመጣ ይችላል። 2 ስልኩ አውሮፕላን ሞድ ላይ ነው፣ 4 ኔትወርክ የለም። 3 መልእክቱ ራሱ በትክክል አልተዘጋጀም። ከአንድሮይድ 11 ወዲህ ሌሎች ኮዶችም ስለተጨመሩ፣ ያልታወቀ ኮድ ሲመጣ ቁጥሩን መዝግባችሁ "አልወጣም" በሉ።

7. "ደርሷል"ን ማንበብ

ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ ፔንዲንግ ኢንቴንት "ኢሚውተብል" ወይም "ሚውተብል" መሆኑን መናገር ግድ ነው። ሁሉም ትምህርት ኢሚውተብል አድርጉ ይላል። ለአራተኛው ቦታ ልክ ነው። ለአምስተኛው ግን ችግር አለው። የመድረሻ ሪፖርቱ ኢንቴንቱ ውስጥ ተጨምሮ ነው የሚመጣው፣ ኢሚውተብል ደግሞ ምንም እንዳይጨመርበት የተቆለፈ ነው። ጥሪው ይመጣል፣ ሪፖርቱ ግን ባዶ ይሆናል። ስለዚህ አምስተኛውን ሚውተብል አድርጉት። አነጣጥራችሁ ወደ ራሳችሁ ክላስ ስለላካችሁት አደጋ የለውም። ሪፖርቱን ስታነቡ ስታተሱ 0 ከሆነ ተቀባዩ ስልክ ገብቷል።

ሪፖርቱ ጨርሶ ሳይመጣ ሲቀርስ? ኔትወርኩ ካልላከው አይመጣም። ያኔ "አልደረሰም" አትበሉ። "ወጥቷል" በሚለው ላይ ይቆይ። አባሉ መጥቶ ሲጠይቅ ሰብሳቢው እውነቱን ይንገረው፤ ከእኛ ስልክ ወጥቷል፣ መድረሱን የሚያረጋግጥ መልስ ግን አልመጣም።

8. ኔትወርክ ሲጠፋ

የውጤት ኮዱ 2 ወይም 4 ከሆነ መልእክቱ ከስልኩ አልወጣም። ወደ ወረፋ መልሱትና ቆይታችሁ ሞክሩ። 1 ሲመጣ ግን በራሳችሁ ደግማችሁ አትላኩ። ከሁለት ክፍል አንዱ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ሁለት ጊዜ "8.5 ሊትር ተመዝግቧል" የደረሰው አባል 17 ሊትር ተመዘገበልኝ ይላል። ልክ ነው።

ለድጋሚ ሙከራው ወርክ ማናጀርን (አፑ ቢዘጋም ሥራን በኋላ የሚያስነሣ የአንድሮይድ መሣሪያ) ተጠቀሙ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ "ኔትወርክ ሲኖር ብቻ" የሚለውን ቅድመ ሁኔታ ያደርጋል። ያ ቅድመ ሁኔታ የሚያየው ኢንተርኔትን ነው። ሰብሳቢው ዳታ ካጠፋ፣ የቴክስት ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ ሳለ ሥራው አይነሣም። ቅድመ ሁኔታውን ተዉት። በየተወሰነ ጊዜ የሚነሣ ሥራ አድርጉት፤ አጭሩ የሚፈቀደው ልዩነት 15 ደቂቃ ነው፣ ይበቃል።

9. ሁለት ሲም

ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በአንድ ስልክ የ09 እና የ07 ሲም አብሮ መያዝ የተለመደ ሆኗል። የትኛው እንደሚልክ ለስልኩ አትተዉት። ሰብሳቢው ሴቲንግ ላይ አንድ ጊዜ ይምረጥ፣ እናንተ የሲሙን መለያ አስቀምጣችሁ በአንድሮይድ 12 እና ከዚያ በላይ "ክሪኤት ፎር ሰብስክሪፕሽን አይዲ" በሚለው ያንን ሲም ያዙ። የሲሞቹን ዝርዝር ለማሳየት "ሪድ ፎን ስቴት" የሚል ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል። የቴክስት ጥቅል የተገዛበትን ሲም አፑ ካላወቀ ወጪው ከሌላው ባላንስ ይሄዳል።

10. ለሁሉም በአንዴ

ሁዳዴ ሲገባ የወተት ገበያ ይቀዘቅዛል። ማኅበሩ "ረቡዕና ዓርብ አንቀበልም" ብሎ ለሁሉም አባል መላክ ሊፈልግ ይችላል። እዚህ ላይ አንድሮይድ ራሱ ይገባበታል። አንድ አፕ በአጭር ጊዜ ውስጥ ብዙ ቴክስት ሲልክ ስልኩ ሥራውን ያቆምና "ይህ አፕ ብዙ መልእክት እየላከ ነው፣ ይፍቀዱ?" ብሎ ይጠይቃል። የተለመደው ገደብ 30 ነው። ሰብሳቢው ስልኩን ኪሱ ከቶት ከሄደ የቀሩት እዚያው ይቆያሉ። ስለዚህ በሉፕ አትልቀቁት። አንዱን ልካችሁ መልሱ በአራተኛው ቦታ ሲመጣ ቀጣዩን ላኩ፣ በመሃል ጥቂት ሰከንድ ስጡ፣ ከሃያ በኋላ ረዘም ያለ እረፍት አድርጉ።

11. ሙከራ

ባላንስ ሳታወጡ መጀመር ትችላላችሁ። ሁለት ኢሙሌተር (ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ አስመሳይ ስልክ) ክፈቱ። የመስኮታቸው ርዕስ ላይ 5554 እና 5556 የሚሉ ቁጥሮች ታያላችሁ። ከአንዱ ወደ ሌላው የምትልኩት 5556ን እንደ ስልክ ቁጥር አድርጋችሁ ነው። ለሙከራ ጊዜ የቁጥር ማጽጃውን አልፉት፣ አለዚያ አይቀበለውም።

ከዚያ በእውነተኛ ስልክ። አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጋችሁ ላኩ፤ 2 ወይም 4 መምጣቱንና መልእክቱ ወረፋ መግባቱን እዩ። የተቀባዩን ስልክ አጥፍታችሁ ላኩ፤ "ወጥቷል" ይበል፣ "ደርሷል" አይበል። አፑን ዝጉ፣ ከዚያ የተቀባዩን ስልክ ክፈቱ። ሁኔታው ወደ "ደርሷል" ካልተቀየረ ሪሲቨሩ ማኒፌስት ላይ መሆኑን ተመልከቱ። ለሁለት አባል በተከታታይ ልካችሁ መልሱ በየስማቸው መግባቱንም አትዝለሉት።

12. ማከፋፈል

ጉግል ፕሌይ ላይ ለማውጣት ካሰባችሁ አስቀድማችሁ እወቁ። ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2019 መጀመሪያ ጀምሮ የቴክስት ፈቃድ የሚጠይቁ አፖችን በጥብቅ ገድቧል። በዋናነት የሚፈቀደው የስልኩ ዋና የመልእክት አፕ ለሆኑት ነው፣ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎችም አሉ። የወተት መዝገብ እዚያ ውስጥ መግባቱን አትጠብቁ። ለማኅበሩ ሁለት ሦስት ስልኮች የኤፒኬ ፋይሉን (የአፑን መጫኛ) በቀጥታ መጫን ይቀላል። ፕሌይ ፕሮቴክት (የጉግል የደኅንነት ፍተሻ) ማስጠንቀቂያ ሊያሳይ ስለሚችል ሲጫን አብራችሁ ሁኑ።

አባላቱ በመቶዎች ሲሆኑ ስልክ አይበቃም። ያኔ ከቴሌኮም ድርጅቱ ጋር ውል ገብቶ በአጭር ቁጥር፣ በሰርቨር በኩል መላክ ነው የሚሻለው። ድርጅቱ የሚሰጣችሁን የመላኪያ ቁልፍ (ሚስጥራዊ የይለፍ ኮድ) አፑ ውስጥ አታስገቡት፤ ኤፒኬ ተፈትቶ ይነበባል፣ ሌላ ሰው በማኅበሩ ሒሳብ መላክ ይጀምራል። ቁልፉ ሰርቨሩ ላይ ይቀመጥ፣ አፑ ሰርቨሩን ብቻ ያናግር። "ሁኔታ" የሚለው ዓምድ ግን እንዳለ ይቀጥላል። መልሱን የሚሞላው ሪሲቨሩ መሆኑ ይቀርና ሰርቨሩ ይሆናል።